ይቅርታ ጠያቂውና ሰነድ ያዡ አንድ ሲሆኑ፦ የሴንት አን አዳሪ ትምህርት ቤት ጉዳይ

የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ስቴፈን ሃርፐር ጁን 11 ቀን 2008 ፓርላማ ውስጥ ቆመው የአገሪቱን ነባር ሕዝቦች ይቅርታ ጠየቁ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይቅርታው መንግሥትና አብያተ ክርስቲያናት ከመቶ ዓመት በላይ ተባብረው ሕፃናትን ከወላጆቻቸው እየነጠሉ ባስገቧቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶች ለተፈጸመው በደል ነበር። የዚህ ታሪክ ሸክም እጅግ ለረዥም ጊዜ በተጎጂዎቹ ትከሻ ላይ መቆየቱን፣ ሸክሙ የመንግሥትና የአገሪቱ እንጂ የእነርሱ አለመሆኑን ተናገሩ። የነባር ሕዝቦች መሪዎች ምክር ቤቱ ውስጥ ገብተው ሰሙ፤ አንዳንዶቹ አለቀሱ። እኔም ንግግሩን ባነበብኩ ቁጥር ደህና ንግግር እንደሆነ አምናለሁ።

በዚያው ዘመን የዚያው መንግሥት ጠበቆች በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ስለተፈጸመ ወንጀል የሚናገሩ በሺህ የሚቆጠሩ የፖሊስ ሰነዶች በእጃቸው ነበሩ። ለካሳ ወሳኞች ያቀረቡት ጽሑፍ ግን በዚያ ትምህርት ቤት ወሲባዊ ጥቃት ስለመፈጸሙ በሰነዶች የተገኘ የታወቀ ክስተት የለም ይላል።

የካናዳን የእርቅ ታሪክ በሙሉ ልተርክ አልተነሣሁም። ሴንት አን የሚባለውን የአንዱን ትምህርት ቤት ጉዳይ የመረጥኩት፣ ይቅርታ የጠየቀ መንግሥት በማግስቱ ተከሳሽ ሆኖ ሲከራከር ምን እንደሚመስል ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ መዝገብ ስለማላውቅ ነው።

ትምህርት ቤቱና ወንበሩ

ፎርት አልባኒ በሰሜን ኦንታሪዮ፣ የአልባኒ ወንዝ ወደ ጄምስ ባሕረ ሰላጤ በሚገባበት አካባቢ የምትገኝ የክሪ ሕዝብ መንደር ናት። ዓመቱን ሙሉ የሚያገለግል የመኪና መንገድ የላትም። ብርዱ በርትቶ ረግረጉና ወንዙ ሲጠነክር በበረዶ ላይ በሚጠረግ መንገድ፣ በሌላው ወቅት በአውሮፕላን ወይም በጀልባ ይደረስባታል። በድንግል ማርያም እናት በቅድስት ሐና ስም የተሰየመው ይህ አዳሪ ትምህርት ቤት ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀምሮ እስከ 1976 ድረስ እዚያ ሠርቷል። የሚያስተዳድሩት የካቶሊክ ኦብሌት ማኅበር ካህናትና ወንድሞች፣ እንዲሁም የኦታዋ የምግባረ ሠናይ እኅቶች የሚባሉት መነኮሳት ነበሩ። ገንዘቡ ከፌዴራሉ መንግሥት ይመጣል። ልጆቹ ደግሞ ከፎርት አልባኒ፣ ከአታዋፒስካትና በዚያ ዳርቻ ከተበተኑት ሌሎች መንደሮች ይሰበሰባሉ።

ማስገደጃው ሕግ ነበር። የነባር ሕዝቦችን ሕይወት የሚቆጣጠረው ሕግ በ1920 ተሻሽሎ ከ7 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ትምህርት ቤት እንዲገቡ የማስገደድ ሥልጣን ለመንግሥት ሰጠ። ልጁን የሸሸገ ወላጅ ይቀጣ ነበር። በመላ አገሪቱ ከ130 በላይ በሚሆኑ እንዲህ ባሉ ትምህርት ቤቶች 150 ሺህ ያህል ልጆች አልፈዋል። በእናታቸው ቋንቋ ሲናገሩ ተገርፈዋል፣ ጸጉራቸው ተላጭቷል፣ ስማቸው ቀርቶ በቁጥር ተጠርተዋል። በሳንባ ነቀርሳና በሌላ በሽታ፣ በእሳት አደጋ፣ ሲያመልጡም በብርድ መሞታቸው የተመዘገበው ልጆች ከ4 ሺህ ይበልጣሉ። የመጨረሻዎቹ ትምህርት ቤቶች የተዘጉት በ1990ዎቹ ነው፤ ማለትም ይህ የአያቶች ዘመን ወሬ አይደለም።

ሴንት አንን ከሌሎቹ ለይቶ ያሳወቀው አንድ ወንበር ነው። ከ1950ዎቹ አጋማሽ በኋላ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሽቦ የተዘረጋለት፣ በእጅ የተሠራ የኤሌክትሪክ ወንበር እንደነበር ብዙ የቀድሞ ተማሪዎች፣ እርስ በርስ ሳይገናኙ፣ ለፖሊስ ቃላቸውን ሰጥተዋል። ልጁ ይቀመጥና ኤሌክትሪኩ ይለቀቅበታል። ትንንሾቹ እግራቸው መሬት ስለማይደርስ ንዝረቱ ሲመጣ እግሮቻቸው ወደ ፊት እየተወረወሩ ይንፈራገጡ ነበር። ለቅጣት የተቀመጠበት አለ፤ ለሠራተኞችና ለእንግዶች ሳቅ ሲባል ብቻ ተራ ይዞ የተቀመጠበትም አለ። ያስመለሰውን ምግብ መልሶ እንዲበላ ስለተገደደ ልጅ የሚናገረው ቃልም አንድ ወይም ሁለት አይደለም። ድብደባውንና ወሲባዊ ጥቃቱን በዝርዝር አልጽፈውም፤ ፖሊሶች ጽፈውታል፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረውም በእነርሱ ጽሑፍ ዙሪያ ነው።

ስለ ሴንት አን የሚጽፍ ሁሉ ወንበሩ ላይ ይቆማል፤ እኔም ቆሜያለሁ። ለዚህ ጉዳይ ግን ከወንበሩ ይልቅ ስለ ወንበሩ የተጻፈው ወረቀት ይከብዳል።

ወረቀቱ እንዴት ተሰበሰበ

ኤድመንድ ሜታታዋቢን በልጅነቱ በሴንት አን የተማረ፣ በወንበሩም የተቀመጠ ሰው ነው። በኋላ የፎርት አልባኒ አለቃ ሆነ። በኦገስት 1992 የቀድሞ ተማሪዎች የተገናኙበት ጉባኤ መንደሩ ውስጥ ተዘጋጀ። ለጨዋታና ለትዝታ ብቻ የተጠራ ስብሰባ አልነበረም፤ ተቀምጠው የሚያዳምጡ ሰዎች ተሰይመው፣ የፈለገ ሁሉ የደረሰበትን እንዲናገር ቦታ ተዘጋጅቶለት ነበር። ሰዎች ለትዳር ጓደኞቻቸው እንኳን ነግረውት የማያውቁትን ተናገሩ። የተሰማው ነገር ሲበዛና አንዱ ቃል ሌላውን ሲደግፍ፣ መሪዎቹ ወደ ኦንታሪዮ ግዛት ፖሊስ ሄዱ።

እዚህ ላይ ለፖሊሱ የሚገባውን ምስጋና መንፈግ አይቻልም። ከ1992 መጨረሻ ጀምሮ ለዓመታት በዘለቀው ምርመራ መርማሪዎቹ ከመንደር መንደር፣ ከከተማ ከተማ እየዞሩ 700 ያህል ሰዎች አነጋገሩ፤ ወደ 900 የሚጠጋ የምስክርነት ቃል ተቀበሉ። በፍርድ ቤት የብርበራ ትእዛዝ ከቤተ ክርስቲያን መዛግብት ሳይቀር ከ7 ሺህ በላይ ሰነዶች ሰበሰቡ። 74 ተጠርጣሪዎችን ለዩ። ከእነዚህ ክስ የተመሠረተባቸው 7፣ የተፈረደባቸው 5 ናቸው። ከተጠርጣሪዎቹ ብዙዎቹ ሞተዋል፣ ሌሎቹ ጃጅተዋል፤ ከተፈረደባቸውም ከባድ ሊባል የሚችል ቅጣት ያገኘው የለም።

ከ74 አምስት! የወንጀል ፍትሕ በዚህ ቁጥር ቢለካ ምርመራው ከሽፏል ማለት ይቻላል። ነገር ግን ምርመራው ሌላ ነገር አትርፎ ነበር፤ ስለ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት የተሰበሰበ ግዙፍ የማስረጃ ክምችት። የአጥቂዎቹ ስም፣ ዘመኑ፣ ክፍሉ፣ መሣሪያው ሁሉ ተጽፏል።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከ150 በላይ የሚሆኑ የሴንት አን ተማሪዎች መንግሥትንና ቤተ ክርስቲያንን በፍትሐ ብሔር ሲከሱ፣ የፌዴራሉ መንግሥት ጠበቆች ለመከላከያቸው እነዚህን የፖሊስ ሰነዶች በፍርድ ቤት በኩል ጠይቀው ወሰዱ። እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ መንግሥት ነገሩን አላወቅኩም ሊል የሚችልበት መንገድ አልነበረም። ይህን ልብ ይሏል።

በነጥብ የሚመዘን በደል

በመላ አገሪቱ ክሱ በሺዎች ሲበዛ መንግሥት፣ አብያተ ክርስቲያናትና የተጎጂዎች ወኪሎች አንድ ትልቅ ስምምነት ተፈራረሙ። ፍርድ ቤቶች አጽድቀውት ሴፕቴምበር 19 ቀን 2007 በሥራ ላይ ዋለ። በወቅቱ በካናዳ ታሪክ ትልቁ የጋራ ክስ ስምምነት ነበር። ሁለት ዓይነት ገንዘብ ነበረው። የመጀመሪያው አዳሪ ትምህርት ቤት ለገባ ሁሉ የሚከፈል ሲሆን፣ ለመጀመሪያው ዓመት 10 ሺህ፣ ለተጨማሪው ለእያንዳንዱ ዓመት 3 ሺህ የካናዳ ዶላር ነው። ሁለተኛው ወሲባዊ ወይም ከባድ አካላዊ ጥቃት ለደረሰበት የሚከፈል ካሳ ነው፤ ይህንን ለማግኘት ግን ቀርቦ ማስረዳት ያስፈልጋል። ለሁለተኛው ከ38 ሺህ በላይ ሰዎች አመለከቱ፤ በመጨረሻ የተከፈለው ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። አመልካቹ ለሕዝብ በማይከፈት ክፍል ውስጥ ገለልተኛ ተብሎ በተሾመ ወሳኝ ፊት ይቀመጣል። ከፈለገ ሽማግሌ ወይም ዘመድ ከጎኑ ያስቀምጣል። የመንግሥት ተወካይም ክፍሉ ውስጥ አለ። ወሳኙ ይጠይቃል፣ አመልካቹ ይመልሳል። በስልሳ ወይም በሰባ ዓመቱ፣ ስድስት ዓመት ሲሆነው ማታ አልጋው ድረስ ማን እንደመጣ፣ ስንት ጊዜ እንደመጣ፣ ምን እንዳደረገው ይናገራል። የተናገረው በሠንጠረዥ ላይ ባሉ ደረጃዎች ይመደባል፤ ይህ ዓይነቱ ድርጊት ይህን ያህል ነጥብ፣ በሕይወቱ ላይ ያስከተለው ጉዳት ይህን ያህል ነጥብ፣ የሚያከብደው ሁኔታ ሲኖር ይህን ያህል ተጨማሪ። ነጥቡ ተደምሮ ወደ ዶላር ይመነዘራል። ለድርጊቱና ለጉዳቱ ጣሪያው 275 ሺህ ዶላር ሲሆን፣ ለቀረ ገቢ የሚታሰበው ለብቻው ነው። ሠንጠረዡን ያወጡት ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ አንዱ ወሳኝ ለጋስ፣ ሌላው ንፉግ እንዳይሆን ነበር የፈለጉት። ቢሆንም አንድ አዛውንት የልጅነት ሌሊቶቹ በነጥብ ሲደመሩ ተቀምጦ መስማቱን ሳስብ፣ ገንዘቡን ተቀብለው ከበፊቱ ብሰው ወደ ቤታቸው የተመለሱ ሰዎች ለምን እንደበዙ አይገርመኝም።

በዚህ አሠራር ውስጥ መንግሥት አንድ ግዴታ ነበረበት። ስለ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የታሪክ ማጠቃለያ ያዘጋጃል፤ አመልካቹ በስም ስለጠራው አጥቂም ያለውን መረጃ ያቀርባል። ይህ ተራ የቢሮ ሥራ ይመስላል። ወሳኙ ግን አመልካቹን ካዳመጠ በኋላ የሚያገላብጠው እነዚህን ወረቀቶች ነው። ካህኑ በዚያ ዓመት እዚያ ነበር? ሌላ ሰው ከሶት ያውቃል? ወረቀቱ ዝም ካለ የአመልካቹ ቃል ብቻውን ይቀራል፤ ያውም የሃምሳ ዓመት ትዝታ፣ ብዙ ጊዜም በመጠጥና በሐዘን የተሸረሸረ ትዝታ።

የሴንት አን ማጠቃለያ ዝም ብሎ ነበር። የአምስቱ ሰዎች ፍርድ፣ 900ው ቃል፣ የብርበራው ሰነድ ሁሉ እያለ፣ ወሲባዊ ጥቃትን በሚመለከተው ቦታ ላይ በሰነዶች የተገኘ የታወቀ ክስተት የለም ይል ነበር። ሃርፐር ሸክሙ የእኛ ነው ካሉ በኋላ የማስረጃው ሸክም እንደገና አዛውንቱ ትከሻ ላይ ተጫነ።

በእኛ ሽምግልና ሽማግሌዎቹ ሁለቱንም ወገን ይሰማሉ፤ በዳይም ጥፋቱን ያምናል። እርቅ ደም ያድርቅ የሚባለውም ከዚያ በኋላ ነው። የካናዳው አሠራር ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦታል።

ፍርድ ቤት

ማመልከቻ የማስገቢያው ጊዜ ሴፕቴምበር 19 ቀን 2012 አበቃ። የሰነዶቹ ጉዳይ በደንብ ይፋ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሜታታዋቢንና ሌሎች የቀድሞ ተማሪዎች ፖሊስ ያን ሁሉ ነገር እንደሰበሰበ ያውቃሉ፤ ራሳቸው ነበሩ የተናገሩት! ወሳኞቹ ፊት ሲቀርቡ ግን ነገሩ እንደ አዲስ ወሬ ሲታይ ጠየቁ። የአካባቢው የፓርላማ አባል ቻርሊ አንገስ ለፍትሕ ሚኒስትሩ ጻፉ። መልሱ ስላላረካ በ2013 ጉዳዩ ወደ ኦንታሪዮ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሄደ።

የመንግሥት ጠበቆች መከራከሪያ ከመሬት የተነሣ ከንቱ አልነበረም። ሰነዶቹ የፖሊስ ናቸው፣ የእኛ አይደሉም አሉ። የደረሱን ለሌላ ክስ ነው፣ በአንድ ክስ የተገኘን ሰነድ ለሌላ ጉዳይ መጠቀም ሕጉ አይፈቅድም አሉ። የሦስተኛ ወገኖች ምስጢር፣ ፍርድ ቤት ቀርበው ጥፋተኛ ያልተባሉ ሰዎች ስም አለበት አሉ። እያንዳንዱን ነጥብ ለየብቻው ያየ የሕግ ባለሙያ ራሱን ሊነቀንቅ ይችላል። ተደምረው ሲታዩ ግን ውጤታቸው አንድ ነው። ከሁለቱ ተከራካሪ ወገኖች አንዱ ሁሉን እያነበበ፣ ሌላው ጨለማ ውስጥ ተቀምጧል።

ዳኛ ፖል ፔሬል ጃንዋሪ 14 ቀን 2014 ሰነዶቹ እንዲሰጡ አዘዙ። መንግሥት በተንኮል ደብቋል አላሉም፤ ግዴታውን ከሚገባው በላይ አጥብቦ ተርጉሟል፣ በዚህም ምክንያት አመልካቾቹ ፍትሕ የማግኘት መብታቸው ተጓድሏል ነው ያሉት። ብዙ የቀድሞ ተማሪዎች ይህ አነጋገር በጣም ለስላሳ ሆነባቸው። እኔ ግን ዳኛው ሳያስቡት ከስድብ የከፋ ነገር የተናገሩ ይመስለኛል። ተንኮለኛ ባለሥልጣን ቢኖር ይባረርና ነገሩ ያልቅ ነበር። ተንኮል ሳይኖር፣ ሁሉም የቢሮ ሥራውን በአግባቡ እየሠራ ይህ ከሆነ ግን ጥፋቱ አሠራሩ ውስጥ ነው።

በእርግጥም ብቻውን የቆመ ጉዳይ አልነበረም። በዚያው ስምምነት የተቋቋመውና ዳኛ ሙሬይ ሲንክሌር የመሩት የእውነትና እርቅ ኮሚሽን እንኳን፣ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ያሉትን ሰነዶች ከመንግሥት ለማግኘት ፍርድ ቤት መቆም ግድ ሆኖበታል፤ በጃንዋሪ 2013 ተፈረደለት። እውነቱን ፈልግ ተብሎ የተሾመ ኮሚሽን ሿሚውን ከሶ ነው ወረቀት ያገኘው።

ከትእዛዙ በኋላ ሰነዶቹ መጡ። በመጀመሪያ የመጡት ስሞችና አንቀጾች በጥቁር ቀለም የተሸፈኑ ነበሩ፤ ይህም ሌላ ክርክር፣ ሌላ ትእዛዝ አስከተለ። በመዝገብ ቁጥር ብቻ የሚታወቅ አንድ አመልካች የዚህን ሁሉ ትርጉም ያሳያል። ወሳኙ ጥቃቱ ስለመፈጸሙ አላሳመነኝም ብሎ ጥያቄውን ውድቅ አድርጎበት ነበር። በስም የጠራው ካህን ግን በፖሊስ ሰነዶቹ ውስጥ በብዙ ሌሎች ልጆች የተከሰሰ ሰው ሆኖ ተገኘ። ጉዳዩ እንደገና ተሰማና ካሳው ተፈቀደለት። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ውሳኔ መካከል የሰውየው ቃል አልተለወጠም፤ የተለወጠው ወሳኙ ጠረጴዛ ላይ የነበረው ወረቀት ነው።

መንግሥት ተለወጠ፣ ጠበቆቹ አልተለወጡም

በ2015 መጨረሻ የጀስቲን ትሩዶ መንግሥት ሥልጣን ሲይዝ፣ ከነባር ሕዝቦች ጋር ከሚኖረው ግንኙነት የሚበልጥ ጉዳይ የለም ብሎ ነበር የተነሣው። በዚያው ዓመት የሲንክሌር ኮሚሽን ከ6 ሺህ 500 በላይ ሰዎችን ሰምቶ፣ የተፈጸመውን የባህል የዘር ማጥፋት ብሎ ሰይሞ፣ 94 ጥሪዎችን አቅርቧል፤ መንግሥትም እቀበላለሁ ብሏል። የሴንት አን ሰዎች ክርክሩ እዚህ ላይ ያበቃል ብለው ቢጠብቁ አይፈረድባቸውም።

አላበቃም። ሚኒስትሮች ስለ እርቅ ሲናገሩ፣ የፍትሕ ሚኒስቴር ጠበቆች በየፍርድ ቤቱ መከራከራቸውን ቀጠሉ። ከ2013 እስከ 2020 በሴንት አን ተማሪዎች ላይ ለተደረገው ሙግት መንግሥት ያወጣው ወጪ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ መሆኑ ተዘግቧል። የቀድሞ ተማሪዎቹ ጥያቄ ግልጽ ነበር፤ ሰነዱ ሳይቀርብ የተወሰኑት ጉዳዮች ሁሉ እንደገና ይታዩ። መንግሥት አብዛኛው ሰው ካሳ አግኝቷል፣ ያለቀ ነገር አይከፈት ይላል። በ2021 ኢያን ፒትፊልድ የተባሉ ጡረተኛ ዳኛ የሴንት አን የካሳ ጥያቄዎችን አንድ በአንድ እንዲመረምሩ ተሾሙ። በሰነዶቹ አለመኖር ምክንያት ውጤታቸው ሊጎዳ ይችል የነበረው 11 ብቻ ናቸው ሲሉ ደመደሙ። ተማሪዎቹ ይህ ምርመራ እኛን ሳይሰማ በወረቀት ብቻ የተሠራ ነው ብለው ተቃወሙ። ይግባኙ በኦንታሪዮ ተሸነፈ፤ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በኦክቶበር 2022 ጉዳዩን አላይም አለ። በፍርድ ቤት በኩል መንገዱ እዚያ ላይ ተዘጋ።

አስራ አንድም ቢሆኑ ሁለት መቶ፣ ቁጥሩ የነገሩን ግማሽ ብቻ ነው የሚነግረን። የኤሌክትሪክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያደገ ሰው፣ ካሳውን ያገኘም ቢሆን፣ ይቅርታ የጠየቀው መንግሥት ስለዚያ ቤት ምንም አላገኘሁም ብሎ እንደጻፈ ሰምቷል። ይህን የሚያስተካክል ነጥብ በሠንጠረዡ ውስጥ የለም።

ስህተቱ የት ነው ለሚለኝ፣ እኔ የማየው በ2007ቱ ስምምነት ውስጥ ነው። ስምምነቱ ካሳ ከፋዩን ሰነድ አቅራቢም አደረገው። የጠበቃ ሙያ ደንበኛውን ከወጪ መጠበቅ ነው፤ ደንበኛው መንግሥት ሲሆን ማንም በቃ፣ ተወው ካላለው በስተቀር ይኸው ነው የሚያደርገው። ሰነዶቹን የመሰብሰብና የማቅረብ ሥልጣን ከመጀመሪያው ለወሳኞቹ ጽሕፈት ቤት ወይም ለኮሚሽኑ ተሰጥቶ ቢሆን፣ የፖሊሱ ክምችት በ2008 ጠረጴዛው ላይ ይሆን ነበር። ወይም አንድ የፍትሕ ሚኒስትር ለጠበቆቹ በዚህ ጉዳይ አትከራከሩ የሚል አንድ ገጽ ደብዳቤ ቢጽፍ ይበቃ ነበር።

ስለ ቤተ ክርስቲያኗ ብዙ አልልም። በስምምነቱ የካቶሊክ ተቋማት ለተጎጂዎች ማገገሚያ 25 ሚሊዮን ዶላር ከምእመናን ለማሰባሰብ የተቻላቸውን ሁሉ ሊያደርጉ ገብተው ነበር፤ የተሰበሰበው 4 ሚሊዮን እንኳን ሳይሞላ በ2015 በፍርድ ቤት ከግዴታው ነፃ ወጡ። በ2021 በካምሉፕስ በቀድሞ አዳሪ ትምህርት ቤት ግቢ ሳይሆኑ አይቀሩም የተባሉ ምልክት አልባ መቃብሮች ዜና ዓለምን ካናወጠ በኋላ ጳጳሳቱ አዲስ የ30 ሚሊዮን ዶላር ቃል ገቡ። የካቶሊክ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስም በጁላይ 2022 አልበርታ ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠየቁ።

ካናዳ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ የሩቅ ነገር አይደለም። ከ94ቱ ጥሪዎች የመጨረሻው የዜግነት መሐላው እንዲለወጥ የሚጠይቅ ነበር፤ በጁን 2021 ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ በቶሮንቶም በካልጋሪም እጁን አንሥቶ ካናዳዊ የሆነ ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ የነባር ሕዝቦችን መብትና ከእነርሱ ጋር የተፈረሙ ውሎችን የሚያውቀውን ሕግ እጠብቃለሁ ብሎ ምሏል። ሴፕቴምበር 30 ልጆቻችን ብርቱካናማ ሸሚዝ ለብሰው ትምህርት ቤት የሚሄዱትም የእነዚያን አዳሪ ትምህርት ቤቶች ልጆች ለማስታወስ ነው።

የሚጠፋው ወረቀት

አንድ ጥያቄ ገና አልተዘጋም፤ ይህኛው ደግሞ እስካሁን የያዝኩትን አቋም ይፈትነዋል። የካሳ ሂደቱ ራሱ አዲስ ሰነድ ፈጥሯል። በዝግ ክፍል የተሰጠው የ38 ሺህ ሰው ቃል፣ የሕክምናና የሥራ ማስረጃው፣ ውሳኔው ሁሉ ተከማችቷል። መንግሥት ሰነዶቹ የመንግሥት መዛግብት ናቸው፣ ሊቀመጡ ይገባል አለ። የእውነትና እርቅ ብሔራዊ ማዕከልም ለታሪክ ይቆዩ ብሎ ተከራከረ። ብዙ የቀድሞ ተማሪዎችና የወሳኞቹ ጽሕፈት ቤት ግን ሰዎቹ የተናገሩት ምስጢራቸው እንደሚጠበቅ ተነግሯቸው ነው አሉ። መንደሮቹ ትንንሽ ናቸው፤ በመዝገቡ ውስጥ የተጠራው አጥቂ የአንዱ ጎረቤት አባት፣ ወይም ራሱ ያኔ ልጅ የነበረ ሌላ ተማሪ ሊሆን ይችላል።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኦክቶበር 2017 በአንድ ድምፅ ወሰነ። መዝገቦቹ ለ15 ዓመታት ይቆያሉ፤ ባለቤቱ ይቀመጥልኝ ብሎ ካልመረጠ በቀር ከዚያ በኋላ ይወገዳሉ። ጊዜው ከ2012 ተቆጥሮ የሚያበቃው ሴፕቴምበር 19 ቀን 2027 ነው። ይቀመጥልኝ ያለ ሰው ቅጂውን ለራሱ መውሰድ፣ ወይም በዊኒፔግ ባለው ብሔራዊ ማዕከል እንዲቀመጥለት ማድረግ ይችላል። ምርጫውን ሳያሳውቅ የሞተ ሰው መዝገብ ከሚወገዱት ጋር ይሄዳል።

የታሪክ ሰዎች በውሳኔው ማዘናቸው ይገባኛል፤ ክህደት በበዛበት ዘመን 38 ሺህ ምስክርነት ማቃጠል ቀላል አይደለም። እኔ ግን ከፍርድ ቤቱ ጋር እስማማለሁ። የፖሊሱ ሰነድ ተከሳሹ መንግሥት ይዞት የቆየ የወንጀል ማስረጃ ነበር፤ ይህኛው አንድ ሰው ምስጢርህ ይጠበቃል ተብሎ በዝግ በር የተናገረው የራሱ ቃል ነው፤ በቃሉ ላይ የሚያዘውም እርሱ ነው። ለታሪክ የሚያስፈልገው ወረቀት ደግሞ በሌላ በኩል አለ፤ በኦታዋ በፍትሕ ሚኒስቴር፣ በኦብሌቶቹ መዛግብትና በፖሊሱ ግምጃ ቤት ውስጥ። እነዚያን ሰነዶች 15 ዓመት ሲሞላቸው እንዲወገዱ ያዘዘ ፍርድ ቤት የለም።